አረጋውያንን ማስቀመጥ ማክበር ነውን?



ይህች መልእክታችን ዘወትር ይዛላችሁ የምትመጣው የእህል እደላን፣ የዘር አቅርቦትን፣ የምንጭ ማጎልበትንና የክትባትን ወሬ ነው። በዚህ እትም ግን ስለ አረጋውያን መርሳት እንጽፋለን። «የረድኤት ድርጅት ከዚህ ነገር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። መልሳችን አጭር ነው። አንዲት አሮጊት እናት የእርዳታ ካርዳቸውን የት እንዳኖሩት ከጠፋባቸው፣ የእደላውን ቀን ከዘነጉት፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ዛሬ ሁለት ጊዜ ውጠው ነገ ጨርሰው ከተዉት፣ እህሉም መድኃኒቱም ደጃቸው ድረስ መጥቶ ሳይደርሳቸው ቀረ ማለት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። «ጃጅተዋል» ተብለው በገዛ ቤታቸው ከሰው ቍጥር የሚወጡ አሉ።

ጉዳዩን በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ላይ አድርገን እናየዋለን። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወልድያ መንገድ ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲኬድ ውጫሌ ትገኛለች። በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተደረገው ውል የተፈረመባት ይህች ከተማ ዛሬ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ናት። በእነዚህ ሁለት ወረዳዎች ዛሬ 70 ዓመት የሞላቸው ሰው በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ 20 ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም ገና ጐልማሳ ሳሉ የሞተውን ቀብረው የተረፈውን ይዘው የተሰደዱ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀ ጊዜ ደግሞ ልጆቻቸው ሲሸሹ ቤት ጠብቀው የቀሩ ነበሩ። እንግዲህ የምንናገረው ይህን ሁሉ ስላለፉ፣ ያለፉበትንም በአእምሮአቸው ስለያዙ ሰዎች ነው።

«እርስዎ ይቀመጡ»

በወሎ ሽማግሌ ሲመጣ ይነሡለታል፣ ወንበር ይለቁለታል፣ ውሃ ያስታጥቡታል። ይህን የመሰለ መልካም ነገር የለም። ነገር ግን አባት ወይም እናት መርሳት ሲጀምሩ ያው አክብሮት መልኩን ይለውጣል። አባት ከብት ይዘው ወጥተው ከዘገዩ በማግሥቱ በትሩ ለልጅ ይሰጣል። እናት ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ካበዙበት ጓዳው ለምራት ይለቀቃል። ገበያ ላይ መልስ ሲቀበሉ ከተሳሳቱ ገንዘቡን ሌላ ይይዛል። በቅሬ ስብሰባ ላይ አንዱን ነገር ደጋግመው ከተናገሩ «አባታችን ይረፉ» ይባላሉ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም «እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ አለንልዎ» ነው የሚለው። እንዲህ እየተባለ አንድ ዓመት ሲያልፍ ሽማግሌው ዳገት መውጣቱን፣ መቍጠሩን፣ ዋጋ መከራከሩን፣ ነገር ሰምቶ መዳኘቱን አንድ በአንድ ያጣሉ። የሚቀራቸው መደቡና ጋቢው ነው።

የገጠር ሽማግሌ «የሰውነት እንቅስቃሴ ያድርጉ» ቢባሉ ይስቃሉ፤ እውነት አላቸው። ዕድሜአቸውን ሁሉ ከአምባሰል ዳገት ጋር ሲታገሉ ኖረዋል፤ እናቶችም እንስራና እንጨት ተሸክመዋል። እስከ ተቀመጡበት ቀን ድረስ የጐደላቸው እንቅስቃሴ አልነበረም። በከተማ ያሉት ጡረተኞች ግን ሌላ ናቸው። በሐይቅም በውጫሌም ከቢሮ ወይም ከመምህርነት ጡረታ የወጡ ሰዎች ቤት ከዋሉ፣ ትንሹንም መንገድ በባጃጅ ከሄዱ፣ ከጐረቤት ጋር ከቡና በቀር የሚያገናኛቸው ጉዳይ ከጠፋ፣ መቀመጡ ቀደም ብሎ ይጀምራል። የሁለቱም ፍጻሜ አንድ ነው።

መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 14ን ያነበባችሁ ካሌብን ታስታውሳላችሁ። በ85 ዓመቱ የለመነው መደብ አልነበረም፤ ተራራ ነበር። ይህን ያነሣነው ሁሉ ሽማግሌ እንደ ካሌብ ብርቱ ነው ለማለት አይደለም። የጠየቀውን ተራራ «አርጅተሃል» ብሎ የከለከለው ሰው እንዳልነበረ ለማሳሰብ ነው።

መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም

ዕድሜ ሲገፋ የሰው ስም ቶሎ አልመጣ ማለቱ፣ ቍልፍ ያስቀመጡበትን መፈለግ የተለመደ ነው። የመርሳት በሽታ፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ ከዚህ በጣም ይለያል። በዚያ ሕመም ሰው የሚያውቀውን መንገድ ይስታል፣ ልብሱን መልበስ ወይም ምግቡን ማሰናዳት ያቅተዋል፣ ጠባዩም ሊለወጥ ይችላል። በሁለቱ መካከል አንድ ደረጃ አለ። ሰውየው ከእኩዮቻቸው ይልቅ ይረሳሉ፤ አንድ ጥያቄ በአንድ ማለዳ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ትናንት የተነጋገሩበት ነገር ዛሬ አዲስ ይሆንባቸዋል፤ የዕለት ኑሮአቸውን ግን ራሳቸው ያከናውናሉ። ጽሑፋችን ስለ እነዚህ ነው። ከእነርሱ መካከል እየባሰባቸው ወደ በሽታው የሚያልፉ አሉ፤ ለብዙ ዓመት በዚያው የሚቆዩ አሉ፤ የሚሻላቸውም አሉ። ስለዚህ «አለቀላቸው» ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ማንኛውንም ልምምድ ከመጀመር በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መታየት ይገባል። መርሳት የሚመስሉ፣ ነገር ግን የሚታከሙ ነገሮች አሉና። የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ድካም፣ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ አረቄ ማብዛት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ ኪኒኖች ማስታወስን ያደክማሉ። ሐዘንና ጭንቀትም እንዲሁ። ልጁን በጦርነት ያጣ ሰው ቢፈዝና የተነገረውን ባይዝ ልቡ የተሰበረ እንጂ የጃጀ ላይሆን ይችላል። ሌላው የጆሮና የዓይን ነገር ነው። ያልሰሙትን ነገር ማስታወስ አይቻልም። በጆሮ ኩክ ወይም በዓይን ሞራ ምክንያት «ረሺ» የተባሉ እናት ጆሮአቸው ሲታጠብ ወይም ሞራው ሲገፈፍ ብዙውን ነገር መልሰው ሊይዙ ይችላሉ። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና እንደሚሰጥ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት ቢቀባዥሩ፣ ቀንና ሌሊት ቢቀላቀልባቸው፣ ወይም አፋቸው ቢጣመምና እጃቸው ቢዝል፣ ይህ እርጅና አይደለም። የሳምባ ምች፣ ወባ፣ የሽንት ቧንቧ ቍስለት ወይም የአንጎል ደም ሥር ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይወሰዱ። ጸሎቱ በመንገድ ላይም ይደረጋል።

እግር ሲሄድ አንጎል ምን ያገኛል?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚጠቀም ነው። ይህን የሚያደርሱለት ደም ሥሮች ናቸው። መራመድ ልብን ያበረታል፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ይቀንሳል፣ እንቅልፍን ያሳምራል፤ ስለዚህ ለልብ የሚበጀው ለአንጎልም ይበጃል። ከዚህም ሌላ በአንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል፣ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ትንሽ ክፍል አለ፤ በእርጅና ጊዜ ይህ ክፍል እየኰሰሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 120 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ እንዲራመዱ የተደረጉት ሰዎች ይህ ክፍል 2 በመቶ ያህል ሲጨምርላቸው፣ ሰውነት ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። እነዚያ የመርሳት ችግር ያልነበረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ያረጀ አንጎል ድንጋይ እንዳልሆነ ያሳየ ውጤት ነው።

ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው በካናዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ነው። ተሳታፊዎቹ ቀላል የማስታወስ ችግር የነበረባቸው 175 አረጋውያን ነበሩ። በሳምንት 3 ቀን ለ20 ሳምንት እየተሰበሰቡ ከፊሎቹ የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ፣ ከፊሎቹ እንቅስቃሴውን ከአእምሮ ልምምድ ጋር፣ ከፊሎቹም ቫይታሚን ዲ ተጨምሮላቸው ሠሩ። በመጨረሻው ምርመራ እንቅስቃሴና የአእምሮ ልምምድ አንድ ላይ የሠሩት ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከሠሩት የተሻለ ውጤት አገኙ። ቫይታሚኑ ግን የጨመረው ነገር አልታየም። ይህን የምንጠቅሰው «ለማስታወስ» ተብሎ ለሚሸጥ ኪኒን ገንዘባቸውን የሚያወጡ ቤተ ሰቦች ስላሉ ነው። ያንን ገንዘብ እንቍላልና ጐመን ቢገዙበት እንመርጣለን።

ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ዕድሜአቸው ከ60 እስከ 77 የሆነ፣ ለመርሳት የተጋለጡ 1,260 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለግማሾቹ የተሰጣቸው አንድ ነገር አልነበረም፤ የአመጋገብ ምክር፣ እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊት ክትትል ተባብረው ነው የጠቀሙአቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መርሳት ለጀመራቸው ሰዎች ጭምር እንቅስቃሴን ይመክራል። የአእምሮ ልምምድንም ያነሣል፤ ማስረጃው ግን ደካማ መሆኑን አልሸሸገም። እኛም አንሸሽግም። ገበጣ የሚለማመድ ሰው መጀመሪያ የሚሻሻለው ገበጣ ላይ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ከኑሮ ጋር የተሳሰረ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

«ይህ ሁሉ ኮምፒዩተር ያላቸው አገሮች ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። ታንዛኒያ ግን እንደ እኛው በምሥራቅ አፍሪካ ናት። በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሃይ ወረዳ፣ ከሐይቃችን ጋር ስሟ መቀራረቡ ደስ ይላል፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸው 34 የገጠር አረጋውያን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው 14 ጊዜ እየተሰበሰቡ በአገራቸው ዘፈን፣ ጨዋታና ወግ አእምሮአቸውን እንዲያሠሩ ተደረገ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ያልተማሩ ወይም ጥቂት የተማሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት አስተሳሰባቸውም ኑሮአቸውም መሻሻል አሳይቷል። እንዲህ ያለው ዘዴ መጀመሪያ የተዘጋጀው በእንግሊዝ አገር ነው፤ አፍሪካውያኑ ግን ጥያቄውን ሁሉ በራሳቸው ቋንቋና ኑሮ ለውጠው ነበር የሠሩበት።

በእጃችን ያለው

አምባሰልና ሐይቅ በዚህ ረገድ ድኾች አይደሉም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት ከአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን ጀምሮ ደቀ መዛሙርት ዳዊትን በቃል ሲያጠኑ ኖረዋል። በየመድረሳው ቍርኣን በቃል ተይዟል። የመንዙማው ግጥም ስንት ሌሊት የሚያስኬድ ነው! በአገራችን ከታወቁት አራት ቅኝቶች አንዱ አምባሰል ተብሎ በዚሁ አገር ስም ይጠራል፤ ሌላው ትዝታ መባሉ ደግሞ ለነገራችን የተመቸ ነው። በልጅነት የተያዘ ዜማ የትናንቱ ወሬ ከጠፋም በኋላ ይቈያል። ስለዚህ አንድ ጉባኤ በማያውቁት አዲስ ነገር ሳይሆን በሚያውቁት ዜማ ይጀመር፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን ስንኝ ጨምሩበት።

ገበጣ ጠጠር መቍጠርን፣ የባላጋራን አሳብ አስቀድሞ ማየትን ይጠይቃል፤ ጉድጓዱን መሬት ላይ መቈፈር ይበቃል። ዳማም በጠርሙስ ክዳን ይጫወቱታል። ከሁሉ የምንወደው ግን እንቆቅልሽ ነው። «ምን አውቅልህ» ባይ መልሱ ቢጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባልና ያገር ስም መጥራት አለበት። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ መርሳ፣ ወልድያ እየተባለ ሽማግሌው በወጣትነታቸው የተመላለሱበትን ገበያ ሁሉ በአእምሮአቸው ይዞሩታል። ስም ፈልጎ የማውጣት ልምምድ ይህ ነው፤ ሐኪም ቢያዘው ከዚህ የተሻለ አያዝም።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስላላነበቡ ግን ጠፍቶባቸዋል። መልሶ ማስጀመሩ ታላቅ ልምምድ ነው። ያልተማሩትን ግን በብዕርና በወረቀት መፈተን አያስፈልግም፤ ማፈር ያመጣል እንጂ የሚገልጠው ነገር የለም።

ማኅበሩን እንዴት እንጀምር?

ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ሰዎች በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ይሰብሰቡ። ቀኑ መለዋወጥ የለበትም፤ የሚረሳ ሰው የሚይዘው ልማድን ነው። ከገበያ ቀን ወይም ከአምልኮ ቀን ጋር የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል።

መጀመሪያ የእግር ጕዞ ነው። በሐይቅ ከተማ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዶ መመለስ ይቻላል። በገጠር ግን ገደላማውን ትቶ ሜዳማውን መምረጥ ይገባል፤ የወደቀ ሽማግሌ ዳሌው ከተሰበረ ያሰብነው ሁሉ ይጠፋል። በ10 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ እስከ 30 ደቂቃ ይድረሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአረጋውያን የመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ከቤት ሥራ ጋር ተደምሮ ይህን መሙላት አያዳግትም። ልኩን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። እየሄዱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዘመር ግን ትንፋሽ ካሳጣቸው ልኩ ደርሷል። መነጋገርም ካቃታቸው ቀስ ይበሉ። ደረቱን የሚይዘው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ይቁም፤ ሐኪም ሳያየውም አይቀጥል።

እየተራመዱ አእምሮን ማሠራት ልዩ ጥቅም አለው። ከ20 ወደ ኋላ መቍጠር፣ የወራትን ስም ከጳጉሜን ጀምሮ ወደ መስከረም መጥራት፣ ያለፉትን ቤት ባለቤት ስም መናገር፣ ሁሉም ይሆናል። እርምጃቸው ከተንገዳገደ ግን አንዱን ብቻ ይሥሩ።

ከጕዞው በኋላ የጡንቻና የሚዛን ልምምድ ነው። ከበርጩማ ላይ በእጅ ሳይደገፉ 8 ወይም 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ አንድ ሊትር ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በየእጁ ማንሣት፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም። እናቶች ይህን ሲሠሩ መጀመሪያ ይሣሣቃሉ፤ መሣቁም አይከፋም።

ከዚያ ቁጭ ብለው ቡና ሲፈላ የአእምሮው ልምምድ ይቀጥላል። እዚህ ላይ አስተናባሪዎች ቡናውን ለወጣት ሴቶች መስጠት ይወዳሉ። አይሁን። ቡናውን የሚያፈሉት እኒያው አረጋዊት እናት ይሁኑ፤ መቍላቱን፣ መውቀጡን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ተራውን መጠበቁን ይሥሩት። አጠገባቸው የምትቀመጠው ልጅ እሳቱን ብቻ ትጠብቅ። ሌላው አንድ ተረት ይንገሩ፤ ቡናው ሲያበቃ ሌላ ሰው መልሶ ይተርከው። አምስት የገበያ ዕቃ ተጠርቶ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ይጠየቅ። አዲስ ጥቅስ ወይም የአንድ ሰው ስም ለማስያዝ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ከሁለት፣ ከአምስት፣ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ እየጠየቁ ጊዜውን ማራዘም ጥሩ ዘዴ ነው። ሲሳሳቱ «ትናንት ነግሬዎት አልነበረም?» አይባልም። መልሱን ሰጥቶ ማለፍ ይሻላል።

ስለ አለፈ ዘመን ማውራት አእምሮን ይቀሰቅሳል፤ የሠርግ ወግ፣ የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ፣ የትምህርት ቤት ነገር። ስለ 1966 እና ስለ 1977 ግን እኛ ጥያቄ አንጠይቅ። ራሳቸው ካነሡት ሳይቸኩሉ መስማት፣ የሚያለቅሱ ካሉ አብሮ መቀመጥ፣ ከዚያም ብቻቸውን ወደ ቤት አለመስደድ ይገባል። ያ ዘመን ለሌላው ሰው ታሪክ ነው፤ ለእነርሱ የልጅ መቃብር ነው። ለልምምድ ተብሎ የሚቈፈር አይደለም።

ማን ይጠራ?

በሐይቅና በአምባሰል ወንጌላውያን ጥቂቶች እንደሆንን እናንተም ታውቃላችሁ። ሕዝቡ እስላምና ኦርቶዶክስ ነው፤ ደግሞም በአንድ ቅሬ እየተቀባበረ የሚኖር ነው። ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ብቻ ቢደረግ የሚመጡት የእኛው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቅሬውን እንድትይዙ እንመክራለን። ማን ስብሰባ እንደ ቀረ፣ ማን መንገድ እንደ ጠፋበት የሚያውቀው ቅሬ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች መዝሙራቸውን፣ እስላሞቹ መንዙማቸውን፣ ኦርቶዶክሶቹ ዳዊታቸውን ይለማመዱ። ለመምጣት ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ደካማ አእምሮ ላለው ሰው በቡና መካከል ስብከት ማስገባትንም አንደግፍም። ስለ እምነታችን የሚጠይቅ ቢኖር በሌላ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ባለበት ይነገረው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች በእደላ ቦታ የምታደርጉት ትንሽ ነገርም አለ። ለአረጋዊ ሰው ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንገሩ፤ ፊት ለፊት ሆናችሁ በዝግታ ተናገሩ፤ ከዚያ መልሰው እንዲነግሩአችሁ ጠይቁ። ቀኑን በቍጥር ብቻ ሳይሆን በገበያው ወይም በበዓሉ ስም ንገሩአቸው። ካርዱ በአንገት በሚንጠለጠል ከረጢት ይሁን። ሳይመጡ የቀሩትን ከመዝገብ ከመሰረዝ በፊት ቤታቸው ሂዱ። በሴፍቲኔት ፕሮግራምም አረጋውያን ከከባድ ሥራ ነጻ ሆነው እርዳታ ማግኘታቸው ትክክል ነው። ከእርከን ሥራ ነጻ የሆነ ሰው ግን የችግኝ ጣቢያውን ዘር ሊለቅም፣ የሠራተኛውን ቍጥር ሊይዝ፣ ልጆች ሊጠብቅ ይችላል፤ ከፈለጉ ይጠየቁ።

ለቤተ ሰቦች የምንለው የወሰዳችሁትን ሥራ በልክ መልሱላቸው ነው። አባት በጎቹን ከልጅ ልጃቸው ጋር ይጠብቁ፤ ልጁ መንገዱን ያውቃል፣ አባት ሣሩን ያውቃሉ። እናት ሽሮውን ቀምመው ይደባልቁ፤ ቅመሙ አስቀድሞ በየሳሕኑ ተለክቶ ይቅረብላቸው። ገበያም ይሂዱ፤ ትንሽ ገንዘብ በእጃቸው ይኑር፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ሒሳቡን ቢመለከት ይበቃል። ምድጃው ጭስ የሚያበዛ ከሆነ ሲያበስሉ በሩ ይከፈት፤ የተበከለ አየርም አንጎልን ከሚጐዱት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የባለሙያዎች ጉባኤ ጽሑፍ 14 እንዲህ ያሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችል እንደነበር አስልቷል። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌሎች ጋር የትምህርት ማነስ፣ የጆሮና የዓይን ድካም፣ የደም ግፊት፣ አለመንቀሳቀስና ብቸኝነት አሉበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እየባሰባቸው የሚሄዱ አሉ። በዚያን ጊዜ ልምምዱን ማቅለል፣ ጥያቄውን መቀነስ፣ ጕዞውን ግን በእጅ ይዞ መቀጠል ነው። «ሳይለማመዱ ቀርተው ነው» ብሎ በሽተኛውንም አስታማሚውንም መውቀስ አይገባም። አስታማሚዋ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ ማኅበሩ በተሰበሰበበት ሰዓት እርሷ ሁለት ሰዓት ብታርፍ ወይም ገበያ ብትደርስ ይህም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጕዞው በአዳራሽ ወይም በበረንዳ ውስጥ ዙሪያውን እየዞሩ ይደረግ እንጂ አይቋረጥ። ማኅበር የምትጀምሩ አጥቢያዎች ገና ሲጀመር የእያንዳንዱን ሰው ነገር በአጭሩ መዝግቡ፤ ሳይደገፉ ስንት ጊዜ ከበርጩማ እንደሚነሡ፣ ከአምስቱ ዕቃ ስንቱን እንደሚያስታውሱ፣ በቤት ምን ምን ሥራ በእጃቸው እንዳለ። ሦስት ወር ሲሞላ ያንኑ ጠይቁና በየወረዳው ላሉት ሠራተኞቻችን አስረክቡ። በተለይ የመጨረሻውን፣ ተመልሶ የተሰጣቸውን ሥራ፣ በዝርዝር ጻፉልን።